ማሪት የሰረዘቻቸው ስድስት መስመሮች

ኬኩን የቆረሰችው ማሪት ነበረች። በቢሮው ደንብ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ የሆነ ዕለት አለቃው ባስቲያን ሮዝ ስኳር የተቀባውን የብርቱካን ኬክ ይዞ ይመጣል፤ ቁጥሩን ያወረደው ሰው ደግሞ ቢላዋውን ይይዛል። የዛሬ ስምንት ሳምንት ቢላዋው እሷ እጅ ገባ። ለአሥራ አንድ ሰው ቆረሰች፣ ተጨበጨበላት፣ እሷም ሳትግደረደር ሁለት ቁራጭ በላች። አሁን ያንን ቀን ስታስታውስ ከሁሉ የሚያንገበግባት ሁለተኛው ቁራጭ ነው። አንዱንስ ይሁን፣ ለወጉ ነው ይባላል።

ሰሌዳውን የሚያቀልመው አንድ ፕሮግራም ነው። ሥራው ሌሎች ፕሮግራሞችን ሳያስነሳ፣ እንዲሁ በንባብ ብቻ መመርመር ነው። ስንት ቦታ «ይህ ከሆነ ያን አድርግ» ተብሎ መንገዱ እንደሚገነጠል፣ የትኛው አንቀጽ ሌላ ቦታ እንደተደገመ ይቆጥርና ለእያንዳንዱ ክፍል የውስብስብነት ቁጥር ይሰጣል። ከአሥራ አምስት በላይ ያገኘ ክፍል ቀይ ይቀባል። ሌዋርደን ከተማ ያለው ያ ቢሮ ስሙን «ቄሱ» ብሎታል፤ ኃጢአት እንጂ ሌላ ነገር አይታየውም፣ ሲስቅም ታይቶ አይታወቅም ብለው። ቄሱ የተጻፈውን ያነባል እንጂ ለምን እንደተጻፈ አያውቅም። ይህን ሁሉም ያውቁ ነበር። እያወቁም በየጠዋቱ ኮታቸውን ሳያወልቁ መጀመሪያ የሚያዩት ሰሌዳውን ነው።

የቢሮው ሙያ የሚነሱና የሚወርዱ ድልድዮችን የሚያዝ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ጀልባ ሲመጣ መንገዱን በአጥር መዝጋት፣ ድልድዩን ማንሳት፣ ጀልባው ሲያልፍ ማውረድ፣ መቆለፍ፣ ከዚያ አጥሩን ከፍቶ ሰው ማሳለፍ። የዚህን ሁሉ ልብ የጻፈው ሹርድ ሬይትስማ ነው፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት። ስድስት መቶ አሥራ አንድ መስመር ነበር፣ የቄሱም ቁጥር ዘጠና አራት። ቢሮው «ጫካው» ይለዋል። ድልድዮቹ በዚያ ጫካ እየታዘዙ ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሰው ሳይጎዱ ኖረዋል፤ ለዚያ ግን ማንም ኬክ አልቆረሰም።

ማሪት ጫካውን በዘጠኝ ቀን መነጠረችው። ትልቁን በትንንሹ ከፋፈለች፣ የተደገመውን አወጣች፣ ዘጠና አራቱን አሥራ ሁለት አደረሰችው። አብዛኛው ሥራዋ ጥሩ ነበር፤ ሰው ወድቆ አይረገጥምና ይህ ይነገርላት። ስምንተኛው ቀን ላይ ግን ቄሱ አንድ ቦታ ጣቱን ቀሰረ፦ እነዚህ ሁለት አንቀጾች አንድ ናቸው፣ አንዱ ይበቃል። አየቻቸው፤ እውነትም አንድ ናቸው። የመጀመሪያው የመቆለፊያውን ሴንሰር፣ መዘጋቱን የሚያውቀውን መሣሪያ፣ «ድልድዩ ተቆልፏል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥቂት ቆይቶ እዚያው ሴንሰር ላይ ያንኑ ጥያቄ ይደግማል። ከበላዩ ሹርድ በአገሬው ቋንቋ በፍሪስኛ ማስታወሻ ጽፎበታል፦ «ድልድይ ጠባቂው ባውኬ ሁለቴ ጠይቅ ብሎኛል። የምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ የመጀመሪያውን መልስ አትመን።»

ማሪት ብቻዋን ሳቀች። ነፋስ! ድልድይ ጠባቂ ሽማግሌ ቡና እየጠጣ ያወራውን ኮድ ውስጥ የሚጽፍ መሐንዲስ! የሹርድ ጠረጴዛ ከእሷ አራት እርምጃ ነው። ዞር ብላ «ይኼ ምንድን ነው?» ብትለው በአንድ ደቂቃ ያስረዳት ነበር። አልጠየቀችውም፤ ምክንያቱም ለመጠየቅ ፍሪስኛ ማንበቧን ማመን ነበረባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሪት ከዶኩም ከተማ ወደ ሰሜን፣ ባሕሩን የሚገድበው ክትር ሥር ያለች የሃያ ቤት መንደር ልጅ ናት፤ ላም እያለቡ ያሳደጓት። ዩኒቨርሲቲ ኡትሬክት ከተማ ስትገባ በመጀመሪያው ሳምንት በመንደሯ አፍ አንድ ቃል ተናግራ ክፍሉ ሁሉ ሳቀባት። ከዚያ ወዲያ አንደበቷን እንደ ጫማ ጠረገችው። ከሰባት ዓመት በፊት እዚህ ስትቀጠር ሹርድ እጁን ዘርግቶ በፍሪስኛ «እንኳን ደህና መጣሽ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አላት። ባስቲያን አጠገባቸው ቆሟል። «ይቅርታ፣ አይገባኝም፤ እኔ የኡትሬክት ነኝ» አለች በጠራ ደችኛ። ትንሽ ውሸት ነበረች፤ ግን ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። ሹርድም ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከሌላው ጋር በቋንቋው ሲጫወት ቆይቶ እሷ ስትመጣ እንዳይከፋት ብሎ ወደ ደችኛ ይዞር ነበር።

እናም ሁለተኛውን ጥያቄ ከነማስታወሻው ሰረዘችው። ስድስት መስመር። ሙከራዎቹ ሁሉ አለፉ፤ ሙከራ የሚደረገው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ነፋስ የለም።

አዲሱ ፕሮግራም አራት ድልድዮች ላይ ተጫነ። አንድ ሰኞ ጠዋት ላይ የምሥራቅ ነፋስ ተነሳ። የአልደሲል ድልድይ ሲወርድ ነፋሱ አንገጫገጨው፤ የመቆለፊያው ሴንሰር ለቅጽበት «ተቆልፏል» አለ። አንድ ጊዜ ተጠይቆ አንድ ጊዜ መለሰ፤ አጥሩም ተከፈተ። የድልድዩ ጠርዝ ገና ከመንገዱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ነበር። አፍኬ የምትባል የሃምሳ ስምንት ዓመት ፖስተኛ ብስክሌቷን እየነዳች ደርሳ ከጠርዙ ጋር ተላተመች። የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿም ወለቁ። ደብዳቤዎቹ ቦዩ ውስጥ ተበተኑ።

ማክሰኞ ጠዋት ማሪት ማንም ሳይመጣ ቢሮ ገብታ የለውጥ መዝገቡን ከፈተች። መዝገቡ ማን፣ መቼ፣ የቱን መስመር እንደጨመረና እንደሰረዘ አንድ በአንድ ይይዛል። ስድስቱ መስመሮች በቀይ ተሰርዘው ይታያሉ፣ ከጎናቸው ስሟ። ተቀምጣ አየቻቸው። ፊቷ ፍም ሆነ፤ ብቻዋን ሆና እንኳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ መዝገቡን ዘጋች። ሌላ ማንም እንደማይከፍተው ታውቃለች፤ ሰሌዳው አረንጓዴ የሆነበትን ክፍል በዚያ ቢሮ ማንም አይመረምርም።

ረቡዕ ሹርድ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ስለቀረው ሥራው መመሪያ መጻፍ ብቻ ሆኗል፤ ወደ ኮዱ መግቢያውንም ዘግተውበታል።

«ማሪትዬ፣ አንድ ነገር እይልኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የመቆለፊያውን ሴንሰር ሁለቴ ይጠይቃል አይደል?»

ስክሪኑን አየች። እያነበበች መሰለች። ምን ይነበባል፤ በቃሏ የምታውቀው ነው።

«አንዴ ነው የሚጠይቀው» አለች።

«በደንብ አየሽው?»

«ፊቴ ነው ያለው፣ ሹርድ። አንዴ ነው።»

ውሸት አልነበረም። ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር፤ በውሸት የያዙት ሰው ቢያንስ ይጠረጥራል። ሹርድ ራሱን ነቀነቀና እጁን ጠረጴዛዋ ላይ አሳረፈ።

«ሁለቴ አድርጌው ነበር እኮ የሚመስለኝ። ባውኬ ነፍሱን ይማረውና ድልድዩ ላይ አቁሞኝ ነው ያሳየኝ። ‹ይኼ ነገር በነፋስ ይዋሻል፣ ልጄ፣ ሁለቴ ጠይቀው› አለኝ። እቤት ገብቼ ማታውኑ የጻፍኩት ይመስለኛል፤ ከነማስታወሻው ይታየኛል።» እጁን ከጠረጴዛው አነሳ። «አባቴም እንዲህ ነበር የጀመረው። ያላደረገውን ያስታውስ ነበር። ላሞቹን አልቤያለሁ ይላል፣ ላሞቹ ጡታቸው ሊፈነዳ ደርሶ ይጮኻሉ።»

ማሪት ምን ማለት እንዳለባት ታውቅ ነበር። አራት ቃል ነው፦ ጽፈኸው ነበር፣ እኔ ሰረዝኩት። አፏን ከፈተች።

«ደክሞህ ይሆናል» አለችው።

«ይሆናል» አለ ሹርድ፣ አመስግኗትም ሄደ። ማመስገኑ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

አርብ ዕለት ባስቲያን ጠራት። ባስቲያን ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግርን ከጠረጴዛው ላይ ወደ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ማዛወር ግን ተሰጥኦው ነው።

«ሐሙስ ከክፍለ ሀገሩ መርማሪ ትመጣለች» አለ። «አንቺ ያደረግሽው ማስተካከል ብቻ ነው አይደል? ሐሳቡ የሹርድ ነው፣ አንቺ ዕቃውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ነው ያዛወርሽው።»

«እንደዚያ ነው» አለች።

«በቃ። ሽማግሌው ራሱ እኮ አምኗል። ትናንት አበባ ይዞ ሆስፒታል ሄዶ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቋታል። ሊወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ማን ይጎዳል?» ብዕሩን እያሽከረከረ ፈገግ አለላት። «የጥራት ኃላፊነቱን ደግሞ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ላንቺ ነው ያሰብኩት። አሥራ ሁለት ማለት ቀልድ አይደለም።»

አመሰግናለሁ አለች። ይህንንም አለች! ቤቷ ገብታ እራት ቀርቦላት እጇን ሳትሰድ ቀረች፤ ባሏ አሞሽ ነው ወይ ሲላት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ቅዳሜ ለሹርድ ልትደውል ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስታ ሦስት ጊዜ አስቀመጠች። እሁድ ደግሞ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ስትፈራ የነበረው ከሥራ መባረርን አልነበረም። የፈራችው የሹርድን ፊት ነው። ከዚያ ይልቅ ደግሞ፣ ለምን አልጠየቅሽኝም ሲላት የምትሰጠው መልስ ነው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ መርማሪዋ መጣች። ወይዘሮ ቴርፕስትራ አጭር፣ እርሳስ ጆሮዋ ላይ የምትሰካ፣ ቡናዋን ቆማ ጠጥታ የምትጨርስ ሴት ናት። ባስቲያን ሰሌዳውን በትልቁ ስክሪን ላይ ከፈተላት።

«እንደሚያዩት የኮዳችን ጥራት በገለልተኛ መሣሪያ የተለካ ነው። ድልድዩን የሚያዘው ክፍል ከዘጠና አራት ወደ አሥራ ሁለት ወርዷል።»

የአይጥ ምስክር ድንቢጥ። ቴርፕስትራ አረንጓዴውን አየችው።

«አሥራ ሁለት ጥሩ ነው?»

«እጅግ ጥሩ ነው።»

«እንግዲያው ለፖስተኛዋ ልንገራት? ጥርስዎ የወለቀው በጥሩ ቁጥር ነው ልበላት?»

ባስቲያን ጉሮሮውን ጠረገ። «ለማለት የፈለግኩት ችግሩ ከጥንቱ ሐሳብ ነው የመጣው። ያንን የጻፈው ሹርድ ነው፤ እዚሁ አለ።»

ሹርድ ተነሳ። ክራባት አስሮ ነበር፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ማሪት ክራባት አስሮ አይታው አታውቅም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ሴንሰሩ ሁለቴ መጠየቅ ነበረበት። ያንን አውቅ ነበር፣ ድልድይ ጠባቂው በደንብ አስረድቶኝ ነበር። የጻፍኩት መስሎኝ ኖሯል፤ አልጻፍኩትም። ሃያ ስድስት ዓመት ምንም ያልደረሰው በዕድል ነው ማለት ነው።» በእጁ የያዘውን ወረቀት አየና አጠፈው። «ሌላም ነገር ልናገር። የጻፍኳቸውን ሌሎቹንም ድልድዮች ሰው ይመልከታቸው። በራሴ ትዝታ ላይ እምነት የለኝም። ማክሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ፣ ለአእምሮዬ ማለት ነው።»

ይህን በማያውቃት ሴት ፊት ተናገረው። ማሪት አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታይ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት፤ መሬት ግን ለእንዲህ ያለው አትከፈትም።

«ጽፎታል» አለች።

ድምፅዋ ከመቅጠኑ የተነሳ ቴርፕስትራ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጽፎታል። ሁለቴ ይጠይቅ ነበር። እኔ ነኝ የሰረዝኩት።»

ተነስታ ላፕቶፑን ከባስቲያን ፊት ወሰደች፣ የለውጥ መዝገቡን ከፈተች። ስድስቱ ቀይ መስመሮች ትልቁ ስክሪን ላይ ወጡ፣ ከጎናቸውም ስሟ።

«ለምን ሰረዙት?» አለች ቴርፕስትራ።

«የተደገመ ነው ተብሎ። ቁጥሩን ያበዛል።»

ባስቲያን መቀመጫውን ወደፊት ሳበ። መውጫ ቀዳዳ ታይቶታል። «ልብ ይበሉ፣ ወይዘሮ ቴርፕስትራ። ማስታወሻው በፍሪስኛ ነው። የቢሯችን ደንብ ማስታወሻ በደችኛ ይጻፍ ነው የሚለው። ማሪት የኡትሬክት ልጅ ናት፣ ምን እንደሚል በምን ታውቃለች? ማስጠንቀቂያን ሰው በማይገባው ቋንቋ የጻፈ ሰው…»

ነገሩ ተመልሶ ሹርድ ላይ ሊያርፍ ነው። ሹርድም ራሱን ነቀነቀ። «እሱስ እውነት ነው። ለሷ የማይገባ ነው። በደችኛ መጻፍ ነበረብኝ።»

ቴርፕስትራ እርሳሷን ከጆሮዋ አወረደች። «ይገባዎታል ወይስ አይገባዎትም?» አለቻት።

አይገባኝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ባስቲያን ይመሰክርላታል፣ ሹርድ ራሱ ይመሰክርላታል። ማሪት ወደ ስክሪኑ ዞረች፣ ማስታወሻውን ጮክ ብላ አነበበችው። ያነበበችው በዶኩም አፍ ነው፣ እናቷ በረት ውስጥ በምትናገርበት፣ ሳትሳሳትና ሳትደናቀፍ።

«ገብቶኝ ነበር» አለች። «ገብቶኝ ሳቅኩበት። ከዚያ ሰረዝኩት። አልጠየቅኩትም፣ የገበሬ ልጅ መሆኔ እንዳይታወቅብኝ አፍሬ ነው።»

ቴርፕስትራ ጻፈች። ቀስ ብላ ነው የጻፈችው።

ሹርድ ግን ማንንም አልሰማም። መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑ ሥር ሄዶ ቆመ፣ ጣቱን ቀዩ መስመር ላይ አሳርፎ ቃል በቃል ተከተለው፤ ቀኑ ላይ ሲደርስ ቆመ። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ የኅዳር ወር። ይቅርታ ብሎ ለሚስቱ ሊደውል ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ በሩን አልዘጋውም።

«ቲኒ» ሲል ተሰማ። «ቲኒ፣ ጽፌው ነበር። አይደለም፣ ራሴ አየሁት፣ ቀኑም አለበት። የሐኪሙን ነገር ተዪው። ተዪው አልኩሽ። ደህና ነኝ እኮ፣ አንቺ ሴት፣ ምን ያስለቅስሻል?» እሱም ያለቅስ ነበር።

ስብሰባው ሲበተን ማሪት ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ባስቲያን ነገ ጠዋት እንነጋገራለን ብሏታል፤ ስለ ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ አልከበዳትም። ሹርድ ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር። በፍሪስኛ ይቅርታ አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ አፍ ስታናግረው ቃሉ ጥሬ ሆኖባት ሁለቴ መጀመር ነበረባት።

አየት አደረጋት። በፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን የምትሸሸግበት ነገር ይኖራት ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ።»

«እኔ ረቡዕ ነው የጠየቅኩሽ።»

«አዎ።»

ሹርድ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ይመስላል እንጂ የተከፋ አይመስልም።

«እሁድ ዕለት የመኪናዬን ቁልፍ ለቲኒ ሰጠኋት» አለ። «መንገድ ላይ የሰው ልጅ እንዳልገድል ብዬ። ማዕድ ቤት ቁጭ ብለን ተላቀስን። ልጃችን ከዝዎለ ከተማ መጥቶ መኪናዬን ወሰዳት።»

የማሪት መኪና ከታች ቆማለች፤ ቁልፉም እጇ ላይ ነው።

«ቤት ላድርስህ» አለችው።

«አይ» አለ ሹርድ ኮቱን እየቆለፈ። «አውቶቡሱን ለምጄዋለሁ።»